ደም የሚያስጠማ በሽታ፦ ቫምፓየርነትን እንደ ወረርሽኝ የሚይዝ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል

እ.ኤ.አ. በ1731 መጨረሻ ላይ፣ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ሐብስበርግ ነገሥታት ሥር በነበረችው ሰርቢያ፣ ሜድቬጃ በምትባል መንደር ሰዎች በተከታታይ መሞት ሲጀምሩ፣ ባለሥልጣናቱ አስቀድመው የላኩት የወረርሽኝ ሐኪም ነበር። ግላዘር የተባለው ይህ ሐኪም የመንደሩን ሰዎች መርምሮ የተላላፊ በሽታ ምልክት አላገኘም፤ ለሞቱ ምክንያት ናቸው ያላቸውም የምግብ እጥረትና የኦርቶዶክስ ምእመናኑ ጠንካራ ጾም ነበሩ። (ዐቢይ ጾምን ሲጾም ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።) መንደርተኞቹ ግን በሐኪሙ ቃል አልረኩም፤ ሟቾቹ ቫምፓየር ሆነው እየገደሏቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ መቃብሮቹ ተከፍተው እርምጃ ካልተወሰደም መንደሩን ለቀው እንደሚሄዱ አስታወቁ።

በጃንዋሪ 1732 ዮሐን ፍሉኪንገር የተባለ የጦር ሐኪም ከሌሎች መኮንኖች ጋር መጥቶ መቃብሮቹን አስከፈተና ያየውን በዘገባ ጻፈ። የዘገባው ታሪክ የሚጀምረው አርኖልድ ፓውሌ ከተባለ ሰው ነው። ፓውሌ በሕይወት ሳለ ቫምፓየር አስቸግሮት እንደነበር፣ ለመዳንም ከቫምፓየሩ መቃብር አፈር እንደ በላና በደሙ ሰውነቱን እንደ ቀባ ይናገር ነበር፤ በኋላም ከድርቆሽ ጋሪ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ከተቀበረ ከ20 ወይም ከ30 ቀናት በኋላ አራት ሰዎች «ፓውሌ እያስጨነቀን ነው» ብለው ሞቱ። በ40ኛው ቀን መቃብሩ ሲከፈት አስከሬኑ አልፈረሰም ተባለ፤ ልቡም በእንጨት ተወግቶ ሬሳው ተቃጠለ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በሦስት ወራት ውስጥ 17 ሰዎች ሲሞቱ መንደርተኞቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ ፓውሌ በጊዜው ከብቶችንም አጥቅቶ ነበር፣ የእነዚያን ከብቶች ሥጋ የበሉ ሰዎች ደግሞ ሲሞቱ ቫምፓየር ይሆናሉ የሚል ነበር።

ይህን ማብራሪያ ሐኪም ቢስቅበት ያምርበታል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ቁጭ ብሎ ሊያጠናው ይገባል፤ ምክንያቱም በውስጡ የመጀመሪያ በሽተኛ፣ የመተላለፊያ መንገድ፣ በሽታው ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንዲሁም እንስሳን ድልድይ አድርጎ ወደ ሰው የሚመለስበት ሰንሰለት አለ። መንደርተኞቹ ስለ ጀርም ምንም ሳያውቁ የወረርሽኝ ታሪክ ይናገሩ ነበር። ቫምፓየርነትን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚይዝ ልብ ወለድ በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስብ ሰውም ሥራውን ከዚሁ ሰንሰለት ቢጀምር ይበጀዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ከምዕራፍ አንድ በፊት መጻፍ

ጸሐፊው ገጸ ባሕርያቱን ከመሰየሙ በፊት የበሽታውን ጠባይ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ አስፍሮ መጨረስ አለበት። በሽታ አምጪው ምንድን ነው፤ በምን ይተላለፋል፤ ከተነከሱ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ስንት ቀን ይፈጃል፤ በሽተኛው ለሌላ ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፤ ከተያዙት ምን ያህሉ ይሞታሉ፣ ምን ያህሉ ይለወጣሉ፣ ምን ያህሉስ ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ ካልተመለሱ ታሪኩ መሀል ላይ መፍረሱ አይቀርም። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ልብ ወለድ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው፦ በሁለተኛው ምዕራፍ የተነከሰች ሴት በዚያው ሌሊት ተለውጣ ትነሣለች፤ በአምስተኛው ምዕራፍ የተነከሰው ወንድሟ ግን ለሦስት ሳምንት ሥራ ይመላለሳል። ረቂቁን ያነበበች አንዲት ነርስ «ይህ በሽታ አንተ ስትቸኩል ይቸኩላል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጸሐፊዎች አዘውትረው የሚዘሉት የስሌቱን ጉዳይ ነው። አንድ በሽተኛ በሳምንት ሁለት ሰዎችን ብቻ ይይዛል፣ የተያዙትም እያንዳንዳቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሁለት ይይዛሉ ብንል፣ በ20ኛው ሳምንት ብቻ የሚያዙት አዳዲስ በሽተኞች 1,048,576 ይሆናሉ፤ ሁለት ሳምንት ጨምረን ብንቆጥር ደግሞ ቁጥሩ ከአራት ሚሊዮን ያልፋል። በየሌሊቱ አንድ ሰው የሚነክስ ቫምፓየር ያለበት ታሪክ ከዚህ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ አገሩን ባዶ ያደርጋል፣ ጸሐፊውም የሚያስፈራራው ሰው ያጣል። ስለዚህ በሽታውን ማዘግየት ግድ ነው። ይህን ለማድረግ ብዙ መንገድ አለ፦ ከንክሻዎች ጥቂቶቹ ብቻ ማስተላለፍ ይችላሉ፣ ወይም አብዛኞቹ በሽተኞች ሳይለወጡ ይሞታሉ፣ ወይም በሽታው ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ከእውነተኛ በሽታዎች መዋስ

ፈጠራውን እንዲታመን የሚያደርገው በእውን ካለ በሽታ የተወሰደ አጥንት ነው። ለዚህ ዓላማ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያህል የለም። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ አለ፤ በንክሻ ይገባል፤ ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ አንጎል ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች ይወርዳል፤ ማለትም በሽታው የያዘውን እንስሳ እንዲናከስ እያደረገ የሚናከስበትን አፍ ደግሞ መርዙን ይሞላዋል። እንቅልፍ ማጣት፣ መቅበዝበዝ፣ ብርሃንንና ድምፅን አለመቻል፣ ውሃ ሲቀርብ ጉሮሮ ተኮማትሮ መታነቅ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ሁዋን ጎሜዝ አሎንሶ የተባለ ስፔናዊ የነርቭ ሐኪም የቫምፓየር ተረት ከዚሁ በሽታ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል በ1998 ጽፏል፤ ከ1721 እስከ 1728 በሃንጋሪ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበረም አስታውሷል። ማስረጃው ሁሉንም ሰው ባያሳምንም ለልብ ወለድ ከበቂ በላይ ነው።

ለአገራችን አንባቢ ደግሞ ይህ በሽታ ሩቅ አይደለም። በየሰፈሩ ባለቤት የሌለው ውሻ አለ፤ «ነከሰኝ» ብሎ የመጣን ልጅ እናቱ እንዴት እንደምትይዘው ሁሉም ያውቃል። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ሕይወት ያተርፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ይህን የመሰለ ደፍ፣ ከወዲህ ተስፋ ከወዲያ ሞት ያለበት፣ ጸሐፊ ከራሱ አውጥቶ ሊፈጥረው የሚያዳግት ነው። በቧንቧ ውሃ መጥፋት ምክንያት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያልቻለች ገጸ ባሕርይ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ትሸከማለች።

ስለ ደሙም አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ያሻል። አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለው፤ ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሊትር ገደማ በአንዴ የፈሰሰው ሰው ፈጥኖ ካልታከመ ይሞታል። እንግዲህ ጸሐፊው በሽተኛው ምን ያህል እንደሚጠጣ ሲወስን የሚነከሰው ሰው ይተርፍ ወይም ይሙት የሚለውንም በዚያው እየወሰነ ነው። ከዚህም ሌላ ደም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ስንቅ አይሆንም። በላቲን አሜሪካ ብቻ የሚኖረው ደም የሚጠጣ የሌሊት ወፍ በተከታታይ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካልጠጣ ይሞታል፤ ጠጥቶ ሳይጨርስም ትርፉን ውሃ በሽንት ማስወገድ ይጀምራል። እነዚህ ወፎች የሚያደርጉት ሌላ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል፦ ጠግቦ የተመለሰው ለተራበው ጓደኛው ከሆዱ መልሶ ደም ያካፍለዋል። ቫምፓየርን ብቸኛ መኳንንት አድርጎ መሳል ለለመደ ጸሐፊ ይህ ሌላ በር ይከፍታል፤ አንድ ቤተሰብ፣ አባት ሌሊት ወጥቶ ያመጣውን ለልጆቹ ሲያካፍል፣ እንደ ወትሮው ሁሉ ጉርሻ ሲሰጣጡ።

ፖርፊሪያ የተባለውን የደም በሽታ ግን መተው ይሻላል። በ1985 አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ቫምፓየሮች የዚህ በሽታ ታማሚዎች ነበሩ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የዘርፉ ሰዎች አልተቀበሉትም። በሽታው አይተላለፍም፣ ደም መጠጣትም አይፈውሰውም፤ በሕይወት ያሉትን ታማሚዎች ግን መሳቂያ አድርጓቸዋል።

ጊዜ እንደ ሴራ

ተደብቆ የሚቆይበትን ጊዜ ረጅም ማድረግ የምመርጠው ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ሊለያይም ይችላል። ጸሐፊው በልብ ወለዱ በሽታ ይህን ጊዜ 40 ቀን ቢያደርገው፣ በመስከረም የተነከሰ ሰው የጥቅምትን የሠርግ ሽምግልና ይጨርሳል፣ ቤት ይከራያል፣ ዕቁብ ይጥላል። አንባቢው ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ አይቆጥርም። አስፈሪ ልብ ወለድ በጩኸት የማያገኘውን ፍርሃት በዚህ ልዩነት ያገኘዋል። አርባ ቁጥሩም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ፓውሌ የተቆፈረው በ40ኛው ቀን ነው፤ ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ጣልያኖች መርከቦችን ለ40 ቀን ያቆዩ ከነበረበት ልማድ ነው፤ በእኛም ዘንድ የሟች ተዝካር የሚወጣው በ40ኛው ቀን ነው። በተዝካሩ ዕለት ሟቹ በር ላይ ቢቆም፣ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ምልክት የሌለውን ተሸካሚም አለመርሳት ነው። በኒው ዮርክ በምግብ አብሳይነት ትሠራ የነበረችው ሜሪ ማሎን አንድም ቀን ሳትታመም የታይፎይድን ባክቴሪያ ለምታበስልላቸው ቤተሰቦች ታስተላልፍ ነበር። ከ1907 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ተለይታ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ ተለቃ ወደ ምግብ ማብሰል በመመለሷም በ1915 ዳግመኛ ተይዛ በ1938 እስክትሞት ድረስ ተለይታ ኖረች። ሴትዮዋ በሽታ እንዳለባት አላመነችም። እንዲህ ያለች ገጸ ባሕርይ ጥላዋ ግድግዳ ላይ ከሚረዝም ክፉ መኳንንት ይልቅ ታስፈራለች፤ ደግሞም ታሳዝናለች።

ማስታመምና ለቅሶ

በጃንዋሪ 1892 ሜርሲ ብራውን የተባለች የ19 ዓመት ልጅ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኤክሰተር በምትባል የገጠር ከተማ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እናቷና እህቷ ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ሞተዋል፤ ወንድሟ ኤድዊንም ታሞ ነበር። ጎረቤቶች ከሟቾቹ አንዷ የኤድዊንን ሕይወት እየመጠጠች ነው ብለው አባትየውን ወተወቱት፤ እርሱ ባያምንበትም ፈቀደ። በማርች 17 ሦስቱም አስከሬኖች ሲታዩ የሜርሲ ብቻ አልፈረሰም ነበር። በብርድ ወራት ከመሬት በላይ በሚገኝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ብቻ የቆየ ሬሳ አለመፍረሱ ምንም አያስደንቅም፤ የመረመራት ሐኪምም ይህንኑ ተናግሯል። ልቧንና ጉበቷን አቃጠሉ፤ ዐመዱን በጥብጠው ለኤድዊን አጠጡት። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሞተ። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያበሰረው በማርች 24፣ 1882፣ ማለትም ከዚህ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ይህን ታሪክ ከሜድቬጃው አስበልጣለሁ፤ ክፉ ሰው የለበትምና። ሁሉም የሚያደርገው ለታመመው ልጅ ሲል ነው። በአማርኛ የሚጻፍ የወረርሽኝ ልብ ወለድም ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ሕመምተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው። ይጠየቃል፤ አልጋው ዳር ይታደራል፤ ግንባሩ ይዳበሳል፤ በእጅ ይጎረሳል። ሲሞት ይታጠባል፣ ይገነዛል፤ እድርተኛ ይሰበሰባል፤ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ አንገት ለአንገት ተቃቅፎ ያለቅሳል። በምዕራብ አፍሪካ በ2013 መጨረሻ ተቀስቅሶ ከ11,000 በላይ ሰዎችን የገደለው ኢቦላ ከተስፋፋባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ አስከሬን የሚታጠብበትና የሚዳሰስበት የቀብር ሥርዓት ነበር። ጸሐፊው ይህን አውቆ የልብ ወለዱን በሽታ በምራቅ ወይም በእንባ እንዲተላለፍ ቢያደርገው፣ እያንዳንዱ ጉርሻና እያንዳንዱ ለቅሶ የታሪኩ ማጠፊያ ይሆናል። እድሩ ጉዳዩን ለመወያየት የሚሰበሰብበትን ትዕይንት በጥንቃቄና በስፋት መጻፍ ተገቢ ነው፦ ለሟች ድንኳን አንተክልም ብሎ መወሰን ለእድር ዳኛ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ሌላ ማንም አይጽፈውም።

አስከሬን የሚታይበት ትዕይንት ካለ ደግሞ ሰዎቹ ያዩትን ነገር በትክክል እንዲያዩ፣ ትርጉሙን ግን እንዲስቱ ማድረግ ነው። የሞተ ሰው ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ ስለዚህ «ወፈረ» ይባላል፤ ጋዙ ጥቁር ቀይ ፈሳሽ በአፍና በአፍንጫ ይገፋል፣ «ደም ጠጥቷል» ይባላል፤ የላይኛው ቆዳና ጥፍር ይላቀቃል፣ ከሥሩ የሚታየው «አዲስ ጥፍር» ይሆናል። የፍሉኪንገር ዘገባ እንዲህ ባሉ ምልከታዎች የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ምልከታ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ያለው በትርጉሙ ላይ ነው።

የቆዩት ሕጎች፣ ጠበልና ቡዳ

ነጭ ሽንኩርቱን፣ መስቀሉን፣ መስተዋቱንና ፀሐዩን ምን እናድርጋቸው? አሜሪካዊው ሪቻርድ ማቲሰን በ1954 ባሳተመው «አይ አም ሌጀንድ» ቫምፓየርነትን የባክቴሪያ በሽታ አድርጎ የቆዩትን ሕጎች አንድ በአንድ ሲያስረዳ፣ መስቀልን የሚፈሩት በሕይወት ሳሉ ክርስቲያን የነበሩት ብቻ ናቸው አለ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ሕግ ለማስረዳት መድከም ታሪኩን የፈተና ወረቀት ያስመስለዋል። ሁለቱን ማስረዳት፣ አንዱን የመንደር ወሬ አድርጎ ማስቀረት፣ የቀሩትን መጣል ይበቃል።

ጠበልን በተመለከተ ግን ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤች አይ ቪ ታማሚዎች በብዛት ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል በሄዱበት ዘመን መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ፤ በኋላ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል የቤተ ክርስቲያን አባቶች ተናግረዋል። ይህ ሙግት በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ጠበልን ለቫምፓየር እንደ አሲድ መጠቀም የአንባቢን እምነትም፣ የአንባቢን ሐዘንም መንካት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ይሟገቱበት፤ ተራኪው ፍርድ ባይሰጥ ይሻላል።

ከዚህ ይበልጥ አደገኛው ቡዳ ነው። ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ለአማርኛ ጸሐፊ የተዘጋጀ ቫምፓየር ይመስላል። ሆኖም በዚህ ስም ሲከሰሱ የኖሩት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል፦ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን። ክሱ ከጋብቻ አግልሏቸዋል፣ ሰላምታ ነፍጓቸዋል፣ ለድብደባም ዳርጓቸዋል። ልብ ወለዱ በሽታው ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ወጣ ካለ የቆየውን ውሸት በአዲስ የሕክምና ልብስ እያቀረበ ነው። መንደሩ ሸክላ ሠሪዋን ከከሰሰና እውነተኛው ተሸካሚ ሁሉም የሚያከብሩት ሰው ከሆነ ግን ያ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ያንን እኔም ገዝቼ አነባለሁ።

ስሙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል በአብዮቱ ዘመን ለባለ ርስቱና ለበዝባዡ ስለዋለ፣ ዕድሜው የገፋ አንባቢ ዘንድ የሰልፍ መፈክር ያስታውሳል እንጂ አያስፈራም። «ቫምፓየር» ደግሞ ፊልም ያሸታል። ሕዝብ በሽታን የሚሰይምበትን መንገድ መከተል ይሻላል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪንም ያሳመመው ኢንፍሉዌንዛ በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ይታጠናል። ብርሃን የማይችሉ በሽተኞች ያሉበት ልብ ወለድ ይህን ቀን ቢያልፈው ኃጢአት ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጭሱ ፀሐይን ሲጋርድ፣ በቀን ወደ አደባባይ ሊወጡ ይችላሉ።

የመዝገብ ቋንቋ

ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የሚስማማው አጻጻፍ የተረጋጋው ነው። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» በማስታወሻ ደብተር፣ በደብዳቤና በጋዜጣ ቁራጭ የተገነባ ነው፤ የአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ድንቅ ዕቃ አለው፣ እርሱም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ለምሳሌ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዋና ገጸ ባሕርይ ብትሆን፣ በሽታውን ከሁሉ አስቀድማ የምታየውም፣ ማንም ሳያነበው የሚቀረውን ሪፖርት የምትጽፈውም እርሷ ናት፦

«ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለ መጠየቅ። በቀበሌያችን ባለፈው ሳምንት አራት ሰዎች መሞታቸውን ማሳወቃችን ይታወሳል። ከእነዚሁ መካከል ሁለቱ ትናንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጤና ኬላው ድረስ በአካል በመቅረብ በር አንኳኩተዋል። በመሆኑም የሟቾች ቁጥር በሁለት ዝቅ ይደረግ ወይስ በአዲስ ዓምድ ይመዝገብ የሚለውን በተመለከተ መመሪያ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

እዚህ ውስጥ «አስፈሪ»፣ «ጨለማ»፣ «ደም» የሚሉ ቃላት የሉም። ቃላቱን ካስገባናቸው ደብዳቤው ይሞታል። በሁለተኛው ደብዳቤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በሦስተኛው ፊርማው ይንቀጠቀጣል ወይም የሌላ ሰው ይሆናል። መጽሐፉን በሙሉ በደብዳቤ መጻፍ ግን አይመከርም፤ ከሦስት አንዱ እጅ ካለፈ ይሰለቻል።

መጨረሻውና የመጨረሻው ፍተሻ

በሽታ አለቃ የለውም፤ ስለዚህ አንዱን ታላቅ ቫምፓየር በመግደል ወረርሽኙን ማስቆም የተገነባውን ሁሉ ማፍረስ ነው። ወረርሽኝ የሚቆመው ሰንሰለቱ ሲበጠስ፣ ወይም የሚይዘው ሰው ሲያጣ፣ ወይም ሰዎች ከእርሱ ጋር መኖር ሲለምዱ ነው። በሐብስበርግ ግዛት የነበረው የመቃብር ቁፋሮ ራሱ በ1755 እልባት ያገኘው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የግል ሐኪሟ ጌራርድ ፋን ስቪተን ባቀረበላት ምክር መሠረት አስከሬን መቆፈርን፣ መውጋትንና ማቃጠልን በአዋጅ ስትከለክል ነው። በልብ ወለድ ውስጥም በአዋጅ የሚያበቃ ወረርሽኝ፣ አዋጁ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ በሽታው መነጋገርን የሚከለክል ሆኖ ሲገኝ፣ ጥሩ መጨረሻ ይወጣዋል።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ይሠራል። ለእያንዳንዱ የተያዘ ገጸ ባሕርይ አንድ ረድፍ ይያዝና የተነከሰበት ቀን፣ ማን እንደ ነከሰው፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ ብርሃን የጠላበት ቀን፣ መጀመሪያ ደም የጠማው ቀን፣ ከዚያ በፊት የነካቸው ሰዎች በሙሉ ይጻፋሉ። ሠንጠረዡ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይመሳከራል፤ ጾም ሳለ ሥጋ የሚበላ፣ በገበያ ቀን ገበያ የማይሄድ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በጨረቃ ብርሃን የሚያይ ሰው በዚህ ጊዜ ይገኛል። ከተነከሱት አንዱ ተራኪው ራሱ ከሆነ፣ በእርሱ ረድፍ ያለው ቀን ከመጨረሻው ምዕራፍ በስንት ቀን እንደሚርቅ ጸሐፊው ያሰላል፤ 39 ከሆነ ጥሩ ነው። ለአንባቢው ግን ቀኑን በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የመስቀል ዋዜማ ነበር» በምትል አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከብዙ ገጽ በፊት ጣል አድርጎለት ማለፍ ይበቃል።